ፉከራና ሙሾ፦ በሚድዌይ ባሕር ስለቀሩት የቶርፔዶ በራሪዎችና ስለ ፊልሞቻቸው

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ጭቃ ቤት ነው። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተጋርዶ፣ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረው፣ ሃያና ሠላሳ ሆነን ተፋፍገን እንቀመጥ ነበር። አንድ ቅዳሜ የሕንዱ ፊልም ካሴት ተበላሸና ባለቤቱ በምትኩ የጦርነት ፊልም ከተተልን። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 የተሠራው «ሚድዌይ» መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ያን ዕለት የገባኝ ነገር ቢኖር የጠላት መርከብ ሲቃጠል ማጨብጨብ እንዳለብን ብቻ ነበር። አጨበጨብንም።

ከዚያ ሁሉ እሳትና ጩኸት መካከል አንድ ትዕይንት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። አውሮፕላኑ የወደቀበት አንድ ወጣት አብራሪ ብቻውን ባሕር ላይ ይንሳፈፋል፤ ውጊያውን ከውኃው ውስጥ አንገቱን ብቅ አድርጎ ይመለከታል። ከኋላዬ የተቀመጡት የሰፈራችን ዘበኛ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ «የዚህ ልጅ ጓደኞችስ?» ብለው ጠየቁ። «አልቀዋል» አላቸው አንዱ። ሽማግሌው ዝም አሉና ቆይተው «እነማን ነበሩ?» አሉ። የመለሰላቸው አልነበረም። መርከቦቹ መቃጠል ጀምረው ስለነበር ሁላችንም በጭብጨባ ተጠምደን ነበር።

ይህች ጽሑፍ የዚያች ጥያቄ ልጅ ናት። በቅርቡ ስለነዚያ በራሪዎች የተሠሩ ፊልሞችን አንድ በአንድ ፈልጌ አየሁ። ሁለቱ ጆን ፎርድ በጦርነቱ ጊዜ ያዘጋጃቸው አጫጭር ፊልሞች ናቸው። ሦስተኛው በልጅነቴ ያየሁት፣ አራተኛው ደግሞ ሮላንድ ኤመሪክ እ.ኤ.አ. በ2019 የሠራው ነው። አራቱም ስለ አንድ ውጊያ ይናገራሉ። የሽማግሌውን ጥያቄ የመለሰው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም በጣም አጭሩና ለሲኒማ ቤት ያልታሰበው።

ወደ ፊልሞቹ ከመግባታችን በፊት የሆነውን ነገር በአጭሩ ማንሣት ያስፈልጋል። ጊዜው እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1942 ነው። ጃፓን ሚድዌይ የምትባለውን የፓስፊክ ደሴት ለመያዝ አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች አስከትላ መጥታለች። አካጊ፣ ካጋ፣ ሶርዩና ሂርዩ ይባላሉ። አሜሪካኖቹ ሚስጥራዊ መልእክቷን ፈትተው ስለነበር በሦስት ተሸካሚ መርከቦች አድፍጠው ይጠብቋታል። ከሦስቱ አንዷ ሆርኔት ናት። በሆርኔት ላይ ከነበሩት ምድቦች አንዱ ስምንተኛው የቶርፔዶ ስኳድሮን ሲሆን አዛዡ ጆን ዋልድሮን ነበር። በዘሩ ከፊል የሱ ሕንዳዊ የሆነ የደቡብ ዳኮታ ሰው ነው።

የቶርፔዶ በራሪ ሥራ ምን እንደሚመስል ልብ በሉልኝ። ቶርፔዶ ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ፣ በውኃ ውስጥ የሚገሰግስ ፈንጂ ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካኖቹ ቶርፔዶ ከከፍታ ወይም በፍጥነት ከተጣለ ይሰበራል፤ አለዚያም አቅጣጫውን ይስታል። ስለዚህ አብራሪው ባሕሩን ሊነካ ምንም እስኪቀረው ዝቅ ብሎ፣ አውሮፕላኑን አዝግሞ፣ ወደ መርከቡ ቀጥ ብሎ መብረር አለበት። ቀኝ ግራ ካለ ዒላማውን ይስታል፤ ቀጥ ብሎ ከበረረ ደግሞ ራሱ ዒላማ ይሆናል። በዚህ ላይ ቶርፔዶው ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚሄድበት ፍጥነት ከመርከቦቹ ፍጥነት እምብዛም አይበልጥም ነበር። ጀርባዋን አዙራ የምትሸሽ መርከብን ማሳደድ ሯጭን በእርምጃ እንደመከተል ነው።

ዴቫስቴተር የምትባለው አውሮፕላን በዚያን ቀን የያዘችው ሁለት ሁለት ሰው ነበር። አብራሪው ፊቱን ወደ መርከቡ አዙሮ ይቀመጣል። ከኋላው የሬዲዮና የመትረየስ ሠራተኛው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ኋላ ያያል። አንዱ የሚሄድበትን ያያል፤ ሌላው የሚመጣበትን። የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላኖች ከኋላ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያያቸው ተኳሹ ነው። ሊያደርግ የሚችለው ነገር ቢኖር በቀጭን መትረየሱ መተኮስ ብቻ ነው፤ መሪው በእጁ አይደለም። ሁለቱ ፊት ለፊት ሳይተያዩ አብረው ይሞታሉ።

በዚያን ዕለት ጠዋት የሆርኔት አውሮፕላኖች በአንድነት ተነሡ። የአየር ቡድኑ አዛዥ የመረጠው አቅጣጫ ግን ለዋልድሮን የተሳሳተ መሰለው። በሬዲዮ ተከራከረ። ስላልሰሙት ስኳድሮኑን ይዞ ተገነጠለና እርሱ ወዳመነበት አቅጣጫ ሄደ። ትክክለኛው እርሱ ነበር። ከሆርኔት የተነሡት ቦምብ ጣዮችና አጃቢ ተዋጊዎች የጃፓንን መርከቦች ሳያገኙ ሲቀሩ ዋልድሮን በቀጥታ ደረሰባቸው። ነገር ግን ከላይ የሚጠብቀው አጃቢ ስላልነበረው ትክክል መሆኑ ምንም አልጠቀመውም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ገደማ 15 አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ገቡ፤ 15ቱም ወደቁ። ከ30ው ሰዎች 29ኙ ሞቱ። የተረፈው የቴክሳሱ ልጅ ጆርጅ ጌይ ብቻ ነው። ጌይ ከዚያን ቀን በፊት ቶርፔዶ ተሸክሞ ከመርከብ ላይ ተነሥቶ አያውቅም ነበር። በመቀመጫ ትራስ ሥር ተሸሽጎ ውሎ በማግሥቱ በባሕር አውሮፕላን ተነሣ። ከሌሎቹ ሁለት መርከቦች የተነሡት የቶርፔዶ ስኳድሮኖችም ከዚህ የተሻለ ዕድል አልገጠማቸውም። በድምሩ ከ41ዱ አውሮፕላኖች የተመለሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በጠላት መርከብ ላይ ያረፈ ቶርፔዶ ግን አንድም አልነበረም።

ከዚያ ከ4 ሰዓት ከ20 በኋላ ከከፍታ ቁልቁል እየተወረወሩ ቦምብ የሚጥሉት አውሮፕላኖች ደረሱና በደቂቃዎች ውስጥ ሦስቱን የጃፓን መርከቦች አነደዷቸው። አራተኛዋ ሂርዩ ከሰዓት በኋላ ተመታች። ሚድዌይ የፓስፊክን ጦርነት ፊት ያዞረ ውጊያ ተባለ። ታሪኩ ይህ ነው። አሁን ወደ ፊልሞቹ እንሂድ።

እኛ አገር ለጦርነት ሁለት የቆዩ የአነጋገር ስልቶች አሉን። አንዱ ፉከራ ነው፤ ሌላው ሙሾ። ፉከራ ስለገዳይ ይናገራል፤ «ምን ሠራ?» ብሎ ይጠይቃል። ሙሾ ስለሟች ይናገራል፤ «ማን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ፉከራን በለቅሶ ቤት፣ ሙሾን በዘመቻ ዋዜማ የሚያሰማ ግን ቦታውን የሳተ ነው። የጦርነት ፊልሞችን ሳይ በዚህ መለካት ልማዴ ሆኗል፤ መመዘኛው ከደጃችን ያለ ስለሆነ አንባቢም አይቸገርበትም።

ጆን ፎርድ ዝነኛ የሆሊውድ ዳይሬክተር ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ የባሕር ኃይል መኮንን ሆኖ የፊልም ቡድን መራ። ሚድዌይ ደሴት በቦምብ ስትደበደብ ከኃይል ማመንጫው ጣሪያ ላይ ሆኖ ካሜራ ይዞ ነበር፤ ክንዱም ላይ በፍንጥርጣሪ ቆስሏል። ከዚያ የተገኘው የ18 ደቂቃ ፊልም «የሚድዌይ ውጊያ» ይባላል። ኦስካርም አግኝቷል። ባለቀለም ነው፤ የደሴቲቱን ወፎች፣ የወታደሮቹን ፊት፣ ጭሱንና ባንዲራውን ያሳየናል። ቦምቡ ሲፈነዳ ምስሉ ራሱ ይንቀጠቀጣል፤ ፊልሙ ከመስመሩ ይዘላል። ያን መንቀጥቀጥ ያላስተካከለው ፎርድ ብልህ ነበር፤ ካሜራው ራሱ የፈራ ያህል ይሰማናል።

ከምስሉ ጀርባ ድምፆች ይነጋገራሉ። አንዷ የእናት ድምፅ ናት፤ ተዋናይት ጄን ዳርዌል ነች። የአገሯን ልጅ በአየር ኃይል ልብስ አይታ ትደሰታለች፤ ቁስለኞቹን ስታይ ቶሎ ሐኪም ቤት አድርሷቸው እያለች ትለምናለች። ይህ ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ልብ ይነካል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ያስመርራል። ለምን ቢሉ፣ እናቲቱ የምትናገረው እኛ እንዲሰማን የተፈለገውን ነው። ፊልሙ የሚዘጋውም በቁጥር ነው፦ የሰመጡት የጃፓን መርከቦች ብዛት ሰሌዳ ላይ ይቀርባል፣ ቀይ ቀለም የነከረ ብሩሽ ይሰርዘዋል። ፉከራ ማለት ይህ ነው፤ ግዳይ መቁጠር። አልፈርድበትም። አገሩ ጦርነት ላይ ነበረች፣ ሕዝቡም ከስድስት ወር ሽንፈት በኋላ አንድ ነገር መስማት ይፈልግ ነበር። ፉከራው በቦታው ተነግሯል።

የሚገርመው ግን ይኸው ሰው በዚያው ዓመት የሠራው ሌላው ፊልም ነው።

ከውጊያው ጥቂት ቀደም ብሎ በሆርኔት ላይ የስምንተኛው የቶርፔዶ ስኳድሮን ልጆች በካሜራ ተቀርጸው ነበር። ለምንም ለተለየ ነገር አልነበረም፤ ፀሐይ ነበረች፣ ካሜራም ነበረ። ሰዎቹ ካለቁ በኋላ ፎርድ ያን ምስል ሰብስቦ ወደ ስምንት ደቂቃ የሚሆን ፊልም አደረገው። በቤት ውስጥ በትንሽ ማሽን ሊታይ በሚችል መጠን አሳትሞም ለሟቾቹ ቤተሰቦች ላከላቸው።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ፊልም ሳይ «ምን አለበት?» ብትሉኝ መልሴ «ምንም የለበትም» ነው። ውጊያ የለበትም። ፍንዳታ የለበትም። ጠላት አይታይም። ወጣቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አብራሪና ተኳሽ፣ ከአውሮፕላናቸው ጋር ይቆማሉ፤ ስማቸው በጽሑፍ ይመጣል። አንዱ ይስቃል፤ አንዱ በካሜራው አፍሮ ዓይኑን ያዞራል። ከዚያ ሌሎች ሁለት ይመጣሉ፤ ከዚያም ሌሎች ሁለት። የሚሆነው ይኸው ነው።

ግን ሁለተኛ ስናየው አንድ ነገር ይገባናል። በአውሮፕላኗ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ሆነው የሚሞቱትን ሁለት ሰዎች ፊልሙ ጎን ለጎን አቁሟቸዋል። የአብራሪው እናት የተኳሹን ፊት ታያለች፤ የተኳሹ እናት የአብራሪውን። ልጅሽ ብቻውን አልሞተም፣ አብሮት የነበረው ይኸውልሽ ማለቱ ነው። በሹመት ቢሄድ አብራሪው መኮንን፣ ተኳሹ ተራ ወታደር ነው፤ ጋዜጦቹም ቢሆኑ ስም የሚያነሡት የመኮንኖቹን ነበር። በዚህ ፊልም ግን ሁለቱ እኩል ደቂቃ፣ እኩል ፀሐይ ደርሷቸዋል።

ይህ ሙሾ ነው። በእኛ ለቅሶ ቤት የሟቹ ፎቶግራፍ ከፍ ተደርጎ ሲያዝ፣ አልቃሿ ስሙን ስትጠራ የሚሆነው ሁሉ እዚህ አለ። ፎርድ እጅግ ብዙ ፊልም የሠራ ሰው ነው፤ ካየኋቸው ውስጥ እንደዚህ ራሱን የደበቀበት የለም። የሀያሲ ዓይን የሚፈልገው ነገር፣ የካሜራ አያያዝ፣ የብርሃን አጠቃቀም፣ የታሪክ አወቃቀር፣ ምንም አታገኙበትም። የሥራው ዋጋ ያለው ለማን እንደተሠራ በማወቁ ላይ ነው። ተመልካቾቹ ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ። እኛ ዛሬ የምናየው እንደ እንግዳ፣ ከለቅሶ ቤቱ በር ላይ ቆመን ነው።

ጉድለት የለበትም አልልም። ስለ ተበላሸው ቶርፔዶ፣ ስለ ተሳሳተው አቅጣጫ፣ አጃቢ ስላለመኖሩ አንድ ቃል አይናገርም። በጦርነት ጊዜ ሊናገርም አይችልም ነበር። ግን ዝም ማለትና መዋሸት ይለያያሉ። ፎርድ ዝም አለ፤ በዝምታው ላይ ተረት አልጨመረበትም።

ተረቱን የጨመሩት ኋላ የመጡት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976ቱ «ሚድዌይ» ቻርልተን ሄስተን በታሪክ ያልነበረ መኮንን ሆኖ ይተውናል። ልጁ አንዲት ጃፓናዊት አሜሪካዊትን አፍቅሮ አባቱን ያስቸግራል። ቶሺሮ ሚፉኔን የመሰለ ታላቅ የጃፓን ተዋናይ አድሚራል ያማሞቶን ይጫወታል፤ ድምፁ ግን የርሱ አይደለም፣ በሌላ ሰው እንግሊዝኛ ተተክቷል። የውጊያው ምስል ደግሞ ከየቦታው የተለቃቀመ ነው፦ ከ«ቶራ! ቶራ! ቶራ!»፣ ከጃፓን ፊልም፣ በጦርነቱ ጊዜ በካሜራ ከተያዘው እውነተኛ ምስል። አንድ አውሮፕላን ሲነሣ አንድ ዓይነት ነው፤ ሲበር ሌላ ይሆናል፤ ሲወድቅ ሦስተኛ። ልጆች ሳለን አላስተዋልነውም፤ ዛሬ ሳየው ግን ከቴክኒክ ስህተት በላይ ሆኖ ተሰማኝ። በእውነት የሞተ ሰው አሟሟት ለአንድ ልብ ወለድ ጀግና ማስጌጫ ሆኖ ገብቷልና።

አንድ ያስገረመኝ ነገር ልጨምር። በፎርድ የ18 ደቂቃ ፊልም ላይ ከሚሰሙት ድምፆች አንዱ የተዋናይ ሄንሪ ፎንዳ ነው። በ1976ቱ ፊልም አድሚራል ኒሚትዝን ሆኖ የሚተውነውም እርሱ ነው። ከ34 ዓመት በፊት እንደ ተራ ሰው ይናገር የነበረው ድምፅ ኋላ አዛዥ ሆኖ ካርታ ላይ ቆሞ ይናገራል። ድምፁ ወደ ላይ በወጣ መጠን ከሟቾቹ እየራቀ መሄዱን ያየሁት በዚህ ነው።

ጆርጅ ጌይ በዚህ ፊልም ውስጥ አለ፤ ያ በልጅነቴ ያየሁት፣ ባሕር ላይ የሚንሳፈፈው ወጣት እርሱ ነው። ግን ፊልሙ የተጠቀመበት እንደ ተመልካች ነው። የ29 ጓደኞቹ ሐዘንተኛ ሊሆን ሲገባው፣ የእሳቱን ትርዒት ከፊት ረድፍ የሚያይ ሰው ሆነ። እኛም ከርሱ ጋር ሆነን አጨበጨብን።

የ2019ኙ «ሚድዌይ» በአንዳንድ ነገር የተሻለ ነው። በታሪክ የነበሩ ሰዎችን በስማቸው ያቀርባል፤ ጃፓኖቹም በቋንቋቸው ይናገራሉ፤ ማሳሰቢያውም ለሁለቱም ወገን ሟቾች ነው። ፎርድ ራሱ ካሜራ ይዞ ደሴቲቱ ላይ እንደ አንድ ገጸ ባሕርይ ይታያል። ግን ሁሉም ነገር በኮምፒዩተር የተሠራ በመሆኑ ሰማዩ በጥይትና በእሳት ተጨናንቆ ሰው የሚታይበት ቀዳዳ ጠፍቷል። ጀግኖቹ ከላይ የሚወረወሩት ቦምብ ጣዮች ናቸው። የቶርፔዶዎቹ ሰዎች ለእነርሱ መንገድ ለመጥረግ ብቅ ይላሉ፤ መንገዱን ጠርገውም ይጠፋሉ።

የክርክሬ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በፊልሞቹም ሆነ በብዙ መጻሕፍት ስለነዚያ ሰዎች የሚነገረው ማጽናኛ አንድ ነው፦ ዝቅ ብለው ሲገቡ የጃፓን ተዋጊዎችን ሁሉ ወደ ባሕሩ ሳቧቸው፤ ሰማዩ ባዶ ሆነ፤ ቦምብ ጣዮቹም ያለከልካይ ገቡ። ስለዚህ ሞታቸው ድሉን ገዛ ይባላል። ያምራል። ሂሳቡ ይገጥማል። ግን በተለይ ለስምንተኛው ስኳድሮን እውነት አይደለም።

ጆናታን ፓርሻልና አንቶኒ ታሊ የተባሉ ጸሐፊዎች የጃፓንን መዛግብት መርምረው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ተረት ፈትሸውታል። ስምንተኛው ስኳድሮን ካለቀበት ሰዓት እስከ ቦምብ ጣዮቹ መድረስ አንድ ሰዓት ያህል አለ። ተዋጊ አውሮፕላን ወደ ከፍታው ለመመለስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። በመጨረሻዋ ቅጽበት ተዋጊዎቹን ወደ ታች የሳበው ከዮርክታውን የመጣው ሦስተኛው ስኳድሮን ነበር። ሌሎቹ ያደረጉት ነገር ከዚህ ያነሰ ግርማ ያለው ነው፦ የጃፓን መርከቦች ጠዋቱን ሁሉ ሲሸሹ፣ ሲጠማዘዙ፣ ተዋጊዎቻቸውን ሲያወርዱና ሲያስነሡ ስለዋሉ የማጥቂያ አውሮፕላኖቻቸውን የሚያስነሡበት ፋታ አጡ። ይህም ቀላል አይደለም፤ ግን ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም። ከቶርፔዶው ጉድለትና ከቅንጅት ማጣት የተገኘ ትርፍ ነው። 1976ቱ ፊልም ያቺን የአንድ ሰዓት ክፍተት በአርትዖት አሳጥሮ ሞቱንና ድሉን ገጥሞ ይሰፋቸዋል። በመቀስ የተገኘ ትርጉም!

«ታዲያ ምን ቸገረህ? እናቶቹ ይጽናኑበት» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሴን ከቤቴ ልጀምር።

የእናቴ ታናሽ ወንድም በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰሜኑ ጦርነት ቀረ። ለአያቴ ያረዳቸው ሰው አልነበረም። መርዶው የመጣው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ አብሮት ከነበረ አንድ ልጅ አፍ ነው። በለቅሶው ላይ ጎረቤት ሁሉ ሊያጽናና ሞከረ። «ለአገሩ ነው የሞተው» አለ አንዱ። «ለማን እንደሞተ እንኳ አይታወቅም» አለ ሌላው። ሁለቱ በሐዘን ቤት ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም ይባላል። አያቴ ሁለቱንም አልሰሟቸውም ነበር። ያን የተረፈውን ልጅ አጠገባቸው አስቀምጠው የጠየቁት ሦስት ነገር ብቻ ነው ትላለች እናቴ፦ ማን አብሮት ነበር? በልቶ ነበር? ምን ይል ነበር? እኔ ሳውቃቸውም ስለ ልጃቸው ሲያወሩ ጦርነቱን አንሥተው አያውቁም። ሲስቅ ጥርሱ እንዴት እንደነበር ነበር የሚናገሩት።

ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር «ሞቱ ጠቀመ» የሚለው ማጽናኛ የሚያስፈልገው ለሐዘንተኛው ሳይሆን ለእኛ ለቀሪዎቹ መሆኑን ነው። ሂሳቡ ከተዘጋ ጥያቄ የለም። ቶርፔዶው ለምን አልሠራም? ያለአጃቢ ለምን ሄዱ? ዋልድሮን ሲናገር ለምን አልተሰማም? ሞቱ «ድሉን ከገዛ» እነዚህን የሚጠይቅ ሰው አጉል ይሆናል። ስለዚህ ተረቱ ሟቾቹን የሚያከብር ቢመስልም የሚጠብቀው ያዘዟቸውን ነው። ሰው ሞቱ ስለጠቀመ ብቻ የሚታወስ ከሆነ ደግሞ ሞታቸው ያልጠቀመው ምን ሊሆኑ ነው? ከደሴቲቱ የተነሡት የዚሁ ስኳድሮን ስድስት አዳዲስ አውሮፕላኖችም አሉ። ከስድስቱ የተመለሰችው አንዲት ናት። እነርሱም አንድም መርከብ አልመቱም። በሂሳቡ ከሄድን ስማቸው የት ይጻፋል?

የሌላውን ወገን ማየትም ያስፈልጋል። ከሂርዩ በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የተነሡትን የጃፓን የቶርፔዶ አውሮፕላኖች የመራው ቶሞናጋ የነዳጅ ታንኩ ጠዋት ተመትቶበት ነበር። መመለሻ እንደማይኖረው አውቆ ተነሣ። ሰዎቹ ዮርክታውንን ሁለት ቶርፔዶ መቷት፤ እርሱ አልተመለሰም። ሥራው ያው ሥራ ነው፤ ያው ዝቅ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ መብረር ነው። ጃፓን በዚያ ውጊያ ከ3,000 በላይ ሰው አጣች። ባለሥልጣኖቿ ግን ለሕዝቡ ድል ነው ብለው አወጁ። ከመርከቦቹ የተረፉት ቁስለኞች ሰው እንዳያያቸው በሐኪም ቤት ተነጥለው ተያዙ። ፉከራው ሙሾውን ጨርሶ አፉን ዘጋው ማለት ነው። የዚያ አገር እናቶች የአያቴ ዓይነት መርዶ እንኳ በጊዜው አላገኙም። ሽንፈትን መደበቅ የሚጀምረው ሟቾችን በመደበቅ ነው።

ፎርድን ከሌሎቹ አስበልጬ የማየው ስለዚህ ነው። አንድ እጁ የጠላት መርከብ ሲቆጥር ሌላው እጁ ስም ይጽፍ ነበር። ሁለቱን አላምታታቸውም። ለአደባባዩ ፉከራውን ሰጠ፤ ለሐዘን ቤቱ ሙሾውን። ከርሱ በኋላ የመጡት ሁለቱን በአንድ ድስት ቀቅለው በቲኬት ሸጡልን። ሙሾው ሟሟ፤ የቀረው ፉከራው ነው።

ጆርጅ ጌይ እ.ኤ.አ. በ1994 ዓረፈ። በኑዛዜው መሠረት አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ጓደኞቹ በወደቁበት ባሕር ላይ ተበተነ። ከ52 ዓመት በኋላ ወደ ስኳድሮኑ ተመለሰ። የዝና ሰው ነበር፤ ፎቶው በመጽሔት ሽፋን ላይ ወጥቷል፣ መጽሐፍ ጽፏል፣ ፊልም ላይ ተተውኗል። በመጨረሻ የመረጠው ቦታ ግን ከ29ኙ ጋር ነው።

ያ ቪዲዮ ቤት ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። ጥያቄውን የጠየቁት ሽማግሌም ካረፉ ቆይተዋል። ዛሬ በሕይወት ቢኖሩ አጠገባቸው ተቀምጬ ያን የስምንት ደቂቃ ፊልም አሳያቸው ነበር። እንግሊዝኛውን ማንበብ ስለማይችሉ ስሞቹን እኔ አነብላቸዋለሁ፤ ጥንድ ጥንዱን፣ እስከ መጨረሻው። የሚያጨበጭብ አይኖርም።